«ዝንጀሮ ማየት ነው የምትማሪው?»

እስቲ ዛሬ ልተንፍስ። ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁ።

የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ፤ የመጨረሻ ዓመት። የመመረቂያ ጥናቴ የጭላዳ ባህሪ ላይ ነው። ይህን ሰምቶ ያልሳቀ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። አክስቴማ በዓል ላይ፣ ቤቱ ሙሉ እንግዳ እያለ፣ «የእህቴ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ዝንጀሮ ታያለች» ብላ አስተዋወቀችኝ። ክብሬን ላስመልስ ብዬ እ.ኤ.አ. በ1973 የእንስሳት ባህሪ ያጠኑ ሦስት ሰዎች ኖቤል እንደተሸለሙ ነገርኳት። አንዱ ንብ ምግብ ያለበትን አቅጣጫ ለጓደኞቿ በጭፈራ እንደምትነግር የደረሰበት ሰው ነው አልኳት። «ስንት ብር ሰጧቸው?» አለችኝ። በቃ።

ሳቁንስ እችለዋለሁ። የሚያንገበግበኝ ማየት እንደ ሥራ አለመቆጠሩ ነው። ደብተር ይዤ ዝም ብዬ ከተቀመጥኩ ሥራ ፈት ነኝ፤ ያገኘ ሁሉ መጥቶ ያጫውተኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ ደብረ ሊባኖስ ወረድኩ፤ የፖርቹጋል ድልድይ የሚባለው አካባቢ። ጭላዳ ሌሊቱን ገደል ላይ ያድርና ጠዋት ፀሐይ ሲሞቀው ወደ ሜዳ ይወጣል። ካረፈደባችሁ ቀኑ ተበላ ማለት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ አንድ እንስሳ ትመርጣላችሁ፣ 10 ደቂቃ ሙሉ ዓይናችሁን አትነቅሉም፣ ያደረገችውን ሁሉ ትመዘግባላችሁ። ዣን አልትማን የምትባል፣ ኬንያ አምቦሴሊ ውስጥ ዝንጀሮ ያጠናች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1974 ይህን አሳምራ ጽፋዋለች። ሰው እንዲያው ዓይኑ የሳበውን ብቻ ከመዘገበ ጠብና ጩኸቱን ብቻ ይዞ ይመለሳል። ወረቀቱ ላይ መንጋው ቀኑን ሙሉ ሲደባደብ የሚውል ይመስላል።

የኔዋ ግልገል ያዘለች እናት ነበረች። ቁጭ ብላ በሁለት እጇ ሣር ትነቅላለች። እፍኟ ሲሞላ ወደ አፏ። የፊቷ ሲያልቅ፣ መነሳት እንኳን ሳያስፈልጋት፣ በቂጧ ተንፏቃ ወደሚቀጥለው። እንዴት ደስ እንደምትል! ስድስተኛው ደቂቃ ላይ አንድ መኪና ሙሉ ሰው ከች አለ። ብስኩት ተወረወረ። እመቤቴ ሣሯን ጥላ እብስ። ወረቀቴ ላይ «ሣር፣ ሣር፣ ሣር…» ብስኩት የሚል ኮድ ደግሞ የለኝም።

ይባስ ብሎ ከሰዎቹ አንዱ ትልቁ ወንድ ጭላዳ ፊት ስልኩን ደቀነ። ጭላዳው የላይ ከንፈሩን አፍንጫው ድረስ ገልብጦ ድዱን ሲያሳየው «እየሳቀልኝ ነው!» ብሎ ጮኸ። ወንድሜ፣ ሳቅ አይደለም፤ ጨንቆት ነው። ቅንድቡን ወደ ላይ ስቦ ነጣ ያለ የዓይን ቆቡን ሲያሳይህ ደግሞ ዛቻ ነው። ልጁ ግን ይህንንም አብሮ ተነሳ።

እነሱ ሲሄዱ አንድ እረኛ መጣ። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ወንጭፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። የገብሱን ማሳ የሚጠብቀው ከነዚሁ ጭላዳዎች ነው።

«እህቴ፣ ምን ጠፍቶሽ ነው?»

«ምንም። ምን እንደሚሠሩ እያየሁ ነው።»

«ሣር ይበላሉ። ሌላ ምን ይሠራሉ?»

ደብተሬን አየሁት። ከ40 ምዝገባ 33ቱ ሣር። ልጁ ጥናቴን በሁለት ቃል ጨረሰው። ቀጠለና ብስኩት የወሰደብኝን እናት በአገጩ እያሳየ፣ «የነዚህ አባወራ ግን አዲስ ነው። የድሮው ተሸንፎ ያውና፣ ዳር ላይ ለብቻው ተቀምጧል» አለኝ። እኔ እኮ ያንን ዳር ያለ ወንድ ለሁለት ሳምንት «ያልታወቀ» እያልኩ ስመዘግበው ነበር! ልጁ ዓመቱን ሙሉ እዚያ ሜዳ ላይ ነው፤ እሱንም ሥራ ፈት ይሉት ይሆናል።

አማካሪዬ ወረቀቴን አገላብጦ «ናሙናው አንሷል፤ ስምንት ቀን ጨምሪ» አለኝ። የስምንት ቀን የሚኒባስ ሒሳብ ከማን ኪስ እንደሚወጣ አልነገረኝም።

ነገ ሌሊት ደግሞ እወጣለሁ። እናቴ ቆሎ ቋጥራልኛለች። ፌስታሉን ሳነሳው ከበደኝና «እማዬ፣ ይሄ ሁሉ ለኔ ነው?» አልኳት።

«አይ፣ ግማሹ ለነሱ ነው።»