ለመጫወት ምክንያት ማቅረብ ያስፈልጋል?

በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት በአዲስ አበባ የሚደጋገም አንድ ዜና አለ። ደንብ አስከባሪዎችና ፖሊሶች ተቀናጅተው በትምህርት ቤቶች ዙሪያ የሚገኙ «አዋኪ» ቤቶችን እንዳሸጉ ይነገራል፤ ዝርዝሩም ጫት ቤት፣ ሺሻ ቤት፣ ቁማር ቤት፣ ፕሌይስቴሽን ቤት እያለ ይቀጥላል። በትምህርት ሰዓት ተማሪ የሚያስገባ ቤት መታሸጉን የምቃወም አይደለሁም። የሚገርመኝ ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው በስክሪን ላይ ኳስ የሚጫወቱበት ቤት ከሺሻ ቤት ጋር በአንድ መዝገብ መስፈሩና ይህም ማንንም አለማስገረሙ ነው።

መዝገቡን ያዘጋጀው ሹም ይህን አመለካከት ከራሱ አላመነጨውም፤ ከየቤታችን የወሰደው ነው። ሥራ ያለውና የቤት ኪራዩን በወቅቱ የሚከፍል የሠላሳ ዓመት ሰው ማታ ማታ የኮምፒውተር ጨዋታ ሲጫወት የሚያመሽ ከሆነ «ይሄ ልጅ መቼ ነው የሚበስለው?» ይባላል። በመሥሪያ ቤት ሰርቪስ ውስጥ ልብ ወለድ ይዞ የተቀመጠ ሰው «ታሪክ ብታነብ አይሻልህም?» ተብሎ ይመከራል። «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» የሚለው ተረትም ለሁለቱም ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። (መነኩሴው መስፋት ይወድ እንደሆነ ጠይቆት የሚያውቅ ሰው ግን ያለ አይመስለኝም።) ይኸው መካሪ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ሁለት ጨዋታ በተከታታይ ካየና በአርሰናል አሰላለፍ ላይ እስከ እራት ሰዓት ሲከራከር ከቆየ በኋላ ቤቱ ቢገባ፣ ሥራ ፈት የሚለው የለም። ስለዚህ ክርክሩ በእርግጥ ስለ ጊዜ ብክነት ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ብዙ ሰው የሚወደው ነገር መዝናኛ፣ ጥቂት ሰው የሚወደው ነገር ደግሞ ጉድለት ተደርጎ ይታያል።

ተወቃሾቹ ራሳችንን የምንከላከልበት መንገድም ከወቀሳው የተሻለ አይደለም። ቼዝ የሚወድ ሰው ቼዝ አእምሮን እንደሚስል ያስረዳል፤ ልብ ወለድ አንባቢው ንባብ ቋንቋን እንደሚያዳብር ይናገራል፤ የኮምፒውተር ጨዋታ ወዳዱ እንግሊዝኛ የተማረው በጨዋታ እንደሆነ ይምላል። ምናልባት ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ማንም ሰው እኩለ ሌሊት ድረስ «አንድ ምዕራፍ ብቻ» እያለ የሚያነበው የቃላት ክምችቱን ለማሳደግ ብሎ አይደለም። ደስታን ከጥቅም ጀርባ የመደበቁ ልማድ ምን ያህል እንደሰፋ ለማየት ከሆዱ እስከ አገጩ መጽሐፍ በክንዱ ደርድሮ በየካፌው በረንዳ የሚዞረውን አዟሪ ማስተዋል ይበቃል። ከአገጩ ሥር ፊት ለፊት የሚታዩት መጻሕፍት ስለ ስኬት፣ ስለ ሀብትና ስለ ጊዜ አጠቃቀም የሚሰብኩት ናቸው፤ ልብ ወለዱ ወደ ታች ወርዷል። አዟሪው የሚሸጠውን ያውቃል፤ ገዢው በሰው ፊት ይዞት ሊታይ የሚፈልገው የሚጠቅም መጽሐፍ ነው።

የእኔ አቋም ቀላል ነው። ሥራውን የሠራና ማንንም ያልበደለ ሰው የትርፍ ሰዓቱን ውስብስብ ሕግ ባለው ጨዋታ ወይም በፈጠራ ታሪክ ለማሳለፍ የጥቅም ማስረጃ ማቅረብ የለበትም። ይህን ስል ከውጭ የመጣ ሐሳብ እያቀረብኩ እንዳልሆነ የሚመሰክርልኝ የራሳችን ሰንጠረዥ ነው።

ሰንጠረዥ በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥትና በመኳንንቱ ዘንድ ለዘመናት የቆየ የቼዝ ዓይነት ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከቬኒስ ከመጣ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ይነገራል፤ እቴጌ ጣይቱም ጥሩ ተጫዋች እንደነበሩ ይወሳል። ሰሌዳው እንደ ዛሬው ጥቁርና ነጭ አልነበረም፤ ብዙውን ጊዜ መስመር የተሰመረበት ባለ አንድ ቀለም ጨርቅ ነበር። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን አጀማመሩ ነው። «ወረራ» በሚባለው በዚህ የመክፈቻ ምዕራፍ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች የሌላውን እንቅስቃሴ በዓይናቸው እየተከታተሉ፣ ያሰለፉትን እያፈረሱና እንደገና እያሰለፉ፣ እጃቸው የቻለውን ያህል በፍጥነት መደቆቻቸውንና (እግረኛ ጠጠሮቻቸውንና) ፈረሶቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና ጨዋታው በተራ ይሆናል። ተመልካቾችም ዝም ብለው አይቀመጡም፤ ምክር ይሰጣሉ፣ ይጮኻሉ፣ አንዳንዴም እጃቸውን ሰደድ አድርገው ጠጠሩን ራሳቸው ያንቀሳቅሱታል። በጸጥታ አዳራሽ የቼዝ ውድድር ያየ ሰው ይህን ቢያይ ጠብ የተነሣ ሊመስለው ይችላል።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአገራችን የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ስለዚህ ጨዋታ ጽፏል፤ እንግሊዛዊው የቼዝ ታሪክ ጸሐፊ ሃሮልድ መሪም እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ሰፊ ጥናቱ ውስጥ የሐበሻውን ጨዋታ አካቶታል። ከእነዚህ መዛግብት የሚገኘው አንድ ነገር ለዚህ ክርክር ከሁሉም በላይ ይጠቅመኛል፤ በሰንጠረዥ ድል ሁሉ እኩል አልነበረም። በኃይለኞቹ ጠጠሮች፣ ማለትም በደር (በግንቡ) ወይም በፈረስ «ማት» ማለት፣ ንጉሡን መውጫ አሳጥቶ ጨዋታውን ማሸነፍ፣ ብዙም አያስመሰግንም፤ በደካሞቹ፣ በፊል (በዝሆኑ) ወይም በፈርዝ (በዛሬዋ ንግሥት ቦታ በሚቆመው ጠጠር) የተገኘ ማት ግን ተመልካቹን ያስጨበጭባል። ጭፍራው ሁሉ አልቆበት ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማት ማለትም እንደ ድል አይቆጠርም ነበር። ጦርና ግብር፣ ሙግትና ደጅ ጥናት የሞላበት ኑሮ የሚኖሩ ሰዎች ማሸነፍ በሚቻልበት ሰሌዳ ላይ ቀላሉን መንገድ ትተው የሚያምረውን ይመርጡ ነበር ማለት ነው። ከዚህ ምርጫ የሚገኝ ጥቅም የለም፤ የሚገኘው ደስታ ብቻ ነው። ዛሬ አንድ ወጣት አንድን የኮምፒውተር ጨዋታ በቀላሉ መጨረስ ሲችል ሆን ብሎ በደካማው መሣሪያ እንደገና የሚጀምረው በዚሁ ስሜት ነው። የኢትዮጵያን ባህላዊ ጨዋታዎች ያጠኑት ሪቻርድ ፓንክረስት እንደሚሉት ሰንጠረዥ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ባለው ጊዜ ጠፍቷል፤ ገበጣ ግን በየገጠሩ አፈር ላይ በተቆፈሩ ጉድጓዶች ዛሬም ይጫወቱታል።

ልብ ወለድን በተመለከተም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ብዙ አንባቢ ያገኘ ቢሆንም፣ መጽሐፉን የአገር ያደረገው በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ፕሮግራም የተላለፈው የወጋየሁ ንጋቱ ትረካ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ማንበብ የማይችል ሰው ሳይቀር ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል አልቅሷል። ያን ጊዜ ሬዲዮኑን ከብቦ የተቀመጠው ቤተሰብ ከትረካው ምን ትምህርት እንዳገኘ የጠየቀው አልነበረም። በነገራችን ላይ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሰው ሁሉ እብድ የሚለው፣ ከመንደሩ ወግ ይልቅ በራሱ ሐሳብ ውስጥ የሚኖረው ጉዱ ካሣ ዛሬ ቢኖር ኖሮ ከእኛ ወገን ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ታሸገው ቤት ልመለስ። ፕሌይስቴሽን ቤት ማለት አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ጠባብ ሱቅ ናት፤ በግድግዳው ላይ ሦስት ወይም አራት ቴሌቪዥን፣ ከፊታቸው አግዳሚ ወንበር፣ ቀለሙ የለቀቀ ጆይስቲክና ሒሳብ የሚሰበስብ አንድ ልጅ አሉ። ክፍያው በጨዋታ ነው፤ ተሸናፊው ይከፍልና ይነሣል፣ ወረፋ የያዘው ይቀመጣል። ከኋላ የቆሙት እንደ ጥንቱ የሰንጠረዥ ተመልካች «ስጠው! ስጠው! አሁን ምታ!» እያሉ ይጮኻሉ። ኮንሶሉ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ በመሆኑ ለብዙ ቤተሰብ የማይሞከር ነው፤ ስለዚህ ይህች ሱቅ የሀብታም ልጅ በመኝታ ቤቱ የሚያገኘውን ደስታ ለሰፈሩ በጥቂት ብር የምታከፋፍል ቦታ ናት። ጉድለት የላትም አልልም። ትልቁ ጉድለቷ ግን ባለሥልጣናቱ ከሚያነሡት የተለየ ነው፤ ሴት ልጅ እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ማየት ብርቅ ነው። ወንድሟ ሲጫወት እሷ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ የትርፍ ሰዓት ራሱ ለእሷ ገና አልተፈቀደላትም። እቴጌዋ ሰንጠረዥ በሚጫወቱበት አገር ይህ ወደ ኋላ መሄድ ነው።

ከጫትና ከሺሻ ይልቅ ከጨዋታ ጋር በስህተት የሚቀላቀለው የስፖርት ውርርድ ነው። ውርርድ ቤት ውስጥ ወጣቱ የሚጫወተው ጨዋታ የለም፤ ሌሎች በሚጫወቱት ላይ ገንዘቡን ያስይዛል፣ ተስፋ ያደርጋል፣ ይከስራል፣ ያጣውን ለማስመለስ በነጋታው ይመለሳል። ፕሌይስቴሽን ቤት የተሸነፈ ልጅ የአንድ ጨዋታ ሒሳብ ከፍሎ ይወጣል፤ በተሸነፈ ቁጥር ደግሞ አጨዋወቱ እየተሻሻለ ይሄዳል። ሁለቱን በአንድ ስም «ቁማር» ብሎ የሚጠራ ወላጅ ልጁን ከየትኛው መጠበቅ እንዳለበት ሳያውቅ ይቀራል።

ዛሬ ከጨዋታና ከፈጠራ ታሪክ ፍቅር ተነሥተው ሥራ የሠሩ ወጣቶችም አሉን። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮን የሚያሳየውን «ኩኩሉ»ን ለስልክ አዘጋጅቷል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቶታል። በሥራት ደበበ የመሠረተው የሥዕል ታሪክ አሳታሚ ኢታን ኮሚክስ ደግሞ ሥራ ፍለጋ የሚንከራተት የአዲስ አበባ ምሩቅ ልዩ ኃይል ሲያገኝ የሚተርከውን «ጀምበር»ን በአማርኛም አሳትሟል። እነዚህን የምጠቅሰው ጨዋታ እንጀራ ይሆናል ብዬ ለመከራከር አይደለም፤ እንዲያ ካልኩ ወደ ጥቅሙ ክርክር ተመልሼ ገባሁ ማለት ነው። የምጠቅሳቸው ዶሮዋን ማስሮጥም ጀምበርን ማንበብም ስለሚያስደስት ነው።

ለክፍለ ከተሞቹ ያለኝ ሐሳብ ከዚህ የሚነሣ ነው። ፕሌይስቴሽን ቤቶችን ከአዋኪዎች መዝገብ አውጥተው የራሳቸው ደንብ ያብጁላቸው፤ በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ እንዳይገባ ይከልክሉ፣ የመዝጊያ ሰዓት ይወስኑ፣ ውርርድ በውስጣቸው እንዳይካሄድ ይቆጣጠሩ፣ ይህን የጣሰውን ብቻ ይቅጡ። አራት ኪሎ ያለውን አብርሆትን ጨምሮ የከተማዋ ቤተ መጻሕፍትም የቼዝና የገበጣ ሰሌዳ የተዘረጋበት፣ የሥዕል ታሪኮችና ልብ ወለዶች ፊት ለፊት የተደረደሩበት፣ ትንሽ መጮኽ የሚፈቀድበት አንድ ክፍል ቢለዩ ወጪው ብዙ አይደለም፤ ወንድሟን ተከትላ ሱቁ መግባት ያልቻለችው ልጅም ቤተ መጻሕፍት ልሂድ ብላ ብታስፈቅድ የሚከለክላት ወላጅ ጥቂት ነው።