የሃንስ ደሴት ጠርሙስና የአጎቴ አጣና

ካናዳ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ ድንበር ጠብ ባነሣን ቁጥር የሚነገረን አንድ ታሪክ አለ፤ እርሱም የሃንስ ደሴት ታሪክ ነው። ታሪኩ እውነት ነው፤ የሚያናድደኝ ለልጅ ምክር በሚሰጥበት ቃና መነገሩ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የአገሬን ዜና ሰምቶ ኖሮ፣ «እኛ ከዴንማርክ ጋር ሃምሳ ዓመት ያህል ስንጣላ የተለዋወጥነው ጠርሙስ ብቻ ነው፤ እናንተስ ለምን እንዲህ አታደርጉም?» አለኝ። መልሱ ከቡና እረፍት ስለሚረዝም ያን ዕለት ዝም አልሁ። ለእረፍት ጎንደር ገብቼ የአጎቴን አጥር ካየሁ በኋላ ግን ዝምታው አልሆንልህ አለኝ።

ሃንስ በዴንማርክ ሥር ባለችው በግሪንላንድና በካናዳው ኤልዝሜር ደሴት መካከል፣ ናሬስ በተባለው ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ውስጥ የተቀመጠ፣ ስፋቱ 1.3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ራቁት ድንጋይ ነው። ዛፍ የለበትም፤ የሚታረስ አፈር የለበትም፤ ነዋሪም የለበትም። ስሙን ያገኘው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአሜሪካና የእንግሊዝ አሳሾችን እየመራ በዚያ በረዶ ከተጓዘው ግሪንላንዳዊ ከሃንስ ሄንድሪክ ሲሆን፣ የዚያ በረዷማ አገር ነባር ሕዝብ የሆኑት ኢኑዊቶች ግን በፈረንጅ ካርታ ላይ ከመስፈሩ በፊት ጀምሮ ታርቱፓሉክ እያሉ አደን ሲወጡ ያውቁታል። ጠቡን ያመጣው አቀማመጡ ነው። መተላለፊያው በዚያ ስፍራ ወደ 35 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሚሰፋ፣ ደሴቱ ከሁለቱም ዳርቻ አንድ አገር የራሱ ብሎ ሊይዘው በሚችለው በ12 የባሕር ማይል ክልል ውስጥ ይወድቃል፤ ስለዚህ ሁለቱም «በደጄ ያለ ነው» ለማለት አፍ አላቸው።

ካናዳና ዴንማርክ በ1973 መጨረሻ (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በመካከላቸው ያለውን የባሕር ወለል ሲከፋፈሉ መስመሩን በ127 ነጥቦች እየቆጠሩ ከደቡብ ወደ ሰሜን ወሰዱት። ደሴቱ ጋ ሲደርሱ አልተስማሙም። ያን ጊዜ ያደረጉት ነገር እስከ ዛሬ ያስቀናኛል፤ መስመሩን ከደሴቱ በስተደቡብ በ122ኛው ነጥብ ላይ አቁመው፣ በስተሰሜን ከ123ኛው ነጥብ ቀጠሉት። በመካከሉ 875 ሜትር ያህል ክፍት ትተው፣ ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቀውን የቀረውን ወሰን ፈርመው ወደየቤታቸው ሄዱ። ባልተስማሙበት ነገር የተነሣ የተስማሙበትን አላፈረሱም። ባልደረባዬ ይህን ክፍል ፈጽሞ አያነሣውም፤ ምናልባት መጠጥ ስለሌለበት ይሆናል።

የጠርሙሱ ወሬ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአንድ የካናዳ ነዳጅ ኩባንያ ተመራማሪዎች ተንሳፋፊ በረዶ በደሴቱ ላይ የሚያሳርፈውን ግፊት ያጠኑ ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ የደሴቱን ስም ከካናዳ ግዛት ስም ጋር አጣምሮ የያዘ ባርኔጣ አድርጎ ታየ። የባርኔጣው ወሬ በጋዜጣ ወጥቶ ኮፐንሃገን ደረሰ። በ1984 የዴንማርክ የግሪንላንድ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ቶም ሆየም በሄሊኮፕተር ሄደው የአገራቸውን ባንዲራ ተከሉ፤ ከሥሩም ጠርሙስ አኖሩ ይባላል። ከዚያ በኋላ አንዱ ወገን ሲሄድ የሌላውን ባንዲራ አውርዶ የራሱን ይሰቅላል፤ የአገሩንም መጠጥ ትቶ ይመለሳል። የዓለም ጋዜጦች «የውስኪ ጦርነት» ብለው ሳቁበት።

ባንዲራው ግን ቀልድ አልነበረም። በአገሮች ሕግ ሌላው በይዞታህ ላይ የባለቤትነት ሥራ ሲሠራ አይተህ ዝም ካልህ፣ ዝምታህ ኋላ እንደ ፈቃድ ሊቆጠርብህ ይችላል። በ2005 የካናዳው መከላከያ ሚኒስትር ቢል ግርሃም ደሴቱን በረገጡ ጊዜ ዴንማርክ ወዲያው ተቃውሞዋን ያሰማችው ስለዚህ ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ሁለቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ጥሩ ነገር ጻፉ፤ የማንም መብት ሳይነካ፣ በደሴቱ ላይ የሚያደርጉትን ሁሉ ሊነጋገሩበት፣ ሲሄዱም ያለ ሁካታ ሊሄዱ ተስማሙ። በ2018 አብሮ የሚሠራ ቡድን አቋቋሙ፤ በሰኔ 2022 ደግሞ ኦታዋ ላይ ደሴቱን ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሰነጥቀውን የተፈጥሮ ስርጥ ተከትለው ለሁለት ከፈሉት። የግሪንላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር በተገኙበት ተፈራረሙ፤ ኢኑዊቶችም በሁለቱም ወገን እንደ ቀድሟቸው እንዲያድኑና እንዲንቀሳቀሱ ተስማሙ፤ ሚኒስትሮቹም ለመጨረሻ ጊዜ ጠርሙስ ተለዋወጡ። ሩሲያ ዩክሬንን ከወረረች ገና አራት ወር አልሞላም ነበርና፣ ይህ ለዓለም ምሳሌ ነው ተባለ። የባልደረባዬ ምክርም የመነጨው ከዚሁ ንግግር ነው።

ይህን ሁሉ ጎንደር፣ ቁስቋም ሰፈር፣ በእናቴ ቤት ቶናው እየተቀዳ ሳለ አወራሁ። ከደንቢያ የመጡ አንድ ዘመዳችን፣ ዕድሜያቸውን በእርሻ የጨረሱ ሽማግሌ፣ ሲኒያቸውን አስቀምጠው ጥያቄ ጀመሩ።

«ለመሆኑ ምን ይበቅልበታል?»

«ምንም።»

«ከብትስ ይውልበታል?»

«አይውልበትም፤ በረዶ ነው።»

«ታዲያማ ጠርሙስ ባይለዋወጡበት ነበር የሚገርመኝ» አሉና ሲኒያቸውን አነሡ።

ለባልደረባዬ ልመልስለት የሚገባኝን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሱት። በሚስትና በርስት ቀልድ የለም የሚል ሕዝብ ይህን የሚለው ውስኪ አጥቶ አይደለም፤ የሚቀልድበት መሬት ላይ እንጀራው ስላለ ነው። ሽማግሌው ልጃቸው በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ይወርዳል። የዚያ የሱዳን ድንበር ታሪክ ደግሞ ከሃንስ ደሴት ጋር በሚያስደነግጥ መንገድ ይመሳሰላል። አጼ ምኒልክና እንግሊዞች በ1902 ተዋዋሉ፤ በ1903 ሜጀር ግዊን የተባለው እንግሊዛዊ የኢትዮጵያ ወኪሎች ሳይገኙ መስመሩን መሬት ላይ ከለለው፤ ነገሩ ሲያወዛግብ ኖሮ በ1972 የኢትዮጵያና የሱዳን መንግሥታት ደብዳቤ ተለዋወጡ። በዚያ ደብዳቤ መስመሩን በመሠረቱ ተቀብለው፣ ኢትዮጵያውያን የሚያርሱበትን ቦታ ግን መፍትሔ እስኪገኝለት ባለበት እንዲቆይ አደረጉት። ልብ በሉ፤ ካናዳና ዴንማርክ 875 ሜትራቸውን ክፍት ከመተዋቸው ከአንድ ዓመት በፊት መሆኑ ነው! ያላለቀውን ትቶ ያለቀውን መያዝ እኛም እናውቅበት ነበር ማለት ነው። ልዩነቱ የሰሜኑን ክፍተት ተንሳፋፊ በረዶ ሲጠብቀው የእኛን የጠበቀው ሰሊጥ መሆኑ ነው። በ2020 መጨረሻ የሱዳን ጦር ወደዚያ መሬት ገብቶ አርሶ አደሮቹ ተፈናቀሉ። በሻይ ሰዓት ምክር የሚሰጠኝ ሰው ይህን አያውቅም፤ እንዲያውቅም አልጠብቅበትም፤ ምክሩን ግን ቢያሳጥርልኝ ደስ ይለኛል።

ይህን ስል የአገሬን ሰው ነጻ ላወጣው አይደለም፤ የአጎቴን አጥር አይቻለሁና።

የእናቴና የአጎቴ ግቢ አንድ ነው፤ ከጎረቤታቸው ጋር የተጣሉበት ቦታ ስፋቱ አንድ ክንድ ከስንዝር ቢሆን ነው። አጎቴ በበጋው አጣና አስመጥተው ተከሉ፤ ጎረቤትየው በማግሥቱ ነቅለው በራሳቸው ወገን ድንጋይ ካቡ፤ አጎቴ ካቡን አስፈርሰው አጣናውን መለሱት። ነገሩ ከኤልዝሜር ባሕር ዳር ጋር የሚለየው ማንም ለማንም ጠርሙስ ባለመተዉ ብቻ ነው። ችግሩ የክረምቱ ውሃ መውረጃ ቦይ በዚያችው ክንድ ውስጥ ማለፉ ነው። ቦዩ ከተደፈነ ቆይቷል፤ አንዱ ሊጠርገው ሲነሣ ሌላው «ይዞታዬን ሊቆፍር ነው» ብሎ ይጮኻል፤ ውሃውም በእናቴ ማድ ቤት በኩል መንገድ አበጅቷል። ሽማግሌ ተቀምጦበታል፤ የንስሐ አባት ገብተውበታል፤ አሁን ደግሞ በሁለቱም ወገን ጠበቃ አለበት። የተጣሉበት አንድ ክንድ ይሁን፤ የማይጣሉበት ቦይ፣ የማይጣሉበት መንገድ፣ የማይጣሉበት የመብራት ምሰሶ ሁሉ ከአንዱ ክንድ ጋር ታስሯል።

አጎቴን «ጋሼ፣ ክንዷን ለጊዜው ትተው ቦዩን ለምን አይጠርጉም?» ብላቸው የመለሱልኝ መልስ ከኦታዋው የሕግ ምሁር አያንስም። «ዝም ያልሁ ዕለት እኮ የእርሱ ሆነ!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1149 ይዞታው የተነካበት ሰው የሁከት ይወገድልኝ ክሱን በሁለት ዓመት ውስጥ ካላቀረበ መንገዱን ይዘጋበታል። አጎቴ አጣና የሚተክሉት ሆየም ባንዲራ በተከሉበት ምክንያት ነው፤ ጎረቤትየውም የሚነቅሉት በዚያው ምክንያት ነው። ሁለቱም ዝም ማለትን ይፈራሉ፤ ፍርሃታቸውም ሕግ የሚያውቀው ፍርሃት ነው።

ስለዚህ የ2005ቱን ስምምነት በአማርኛ ጻፍሁላቸው። ሁለት አንቀጽ ብቻ ነው፤ ቦዩ እንዲጠረግ መፍቀድ የማንንም የይዞታ መብት አይነካም፤ ክርክሩ እስኪያልቅም ማንም ሳያሳውቅ በክንዷ ላይ አጣናም ሆነ ድንጋይ አያኖርም የሚል። አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡትና «ሁለተኛው አንቀጽ አጣናዬን ይነቅላል» ብለው አኮረፉ። እናቴ ስለ ማድ ቤቷ ስትናገራቸው በግድ ተስማሙ። ደስ ብሎኝ ወደ ጎረቤትየው ሄድሁ። እሳቸውም በጨዋነት ተቀበሉኝ፤ ጠላም ቀዱልኝ፤ ሐሳቡንም አልጠሉትም። ነገር ግን የቤቱ ባለድርሻ የሆነ ታናሽ ወንድማቸው ካልፈቀደ አይፈርሙም። ወንድሙ የሚኖረው ዋሽንግተን ነው።

እዚህ ላይ ነው ትዕግሥቴ ያለቀው። ሰውየው ጎንደርን ከረገጠ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ክንዷ ላይ ጎመን አልተከለም፣ ጎርፏም እግሩን አትነካውም፣ ሽማግሌው ጠይቀውት ቢሆን ኖሮ «ምን ይበቅልበታል?» ለሚለው መልስ የለውም። በስልክ የላከው የድምፅ መልእክት ግን «የአባቴን ርስት አንዲት ስንዝር አልሰጥም፤ እኔ እስክመጣ ማንም እንዳይፈርም!» የሚል ነው፤ ጎረቤትየው እያፈሩ አሰሙኝ። ጠርሙስ ቢላክለት የሚሻል ይመስለኛል፤ መልኩን ስለማላውቅ ግን ምን እንደሚጠጣም አላውቅም።

ለጥምቀት እመጣለሁ ብሏል። የሰነዱን ሁለቱንም ቅጂ ለእናቴ ሰጥቻታለሁ፤ አጎቴ ዘንድ ቢቀመጥ ሁለተኛው አንቀጽ ተሰርዞ እንደሚቆይ አውቃለሁና።