የእንግሊዝ ጡረታ ጭማሪ ሁሉም ሀገር አይደርስም
ስፔን ስለሚኖሩ እንግሊዛውያን ጡረተኞች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ፣ ጥሩ ነው ግን ሌላ ሀገር ያሉትን ረስቷቸዋል። የእንግሊዝ የመንግስት ጡረታ በየአመቱ ኤፕሪል ላይ ይጨምራል አይደል፣ ስፔን ፈረንሳይ አሜሪካ ያለ ሰው ጭማሪውን ያገኛል፣ አውስትራሊያ ካናዳ ታይላንድ የሄደ ግን መጀመሪያ በተወሰነለት መጠን ላይ እንደቆመ ይቀራል። በ2016 ያኔ የተጀመረው አዲሱ የመንግስት ጡረታ ሙሉው በሳምንት 155.65 ፓውንድ ነበር፣ በ2025 230.25 ገባ፣ ያኔ ጡረታ ወጥቶ ሲድኒ የሚኖር ሰው አሁንም ያችኑ 155 ነው የሚቀበለው፣ እኩል ሰርቶ እኩል ከፍሎ! በጣም ነው የሚያናድደው።

እኛንም ይነካናል እኮ። ለንደን እድሜ ልካቸውን ለፍተው አዲስ አበባ ገብተን እንረፍ የሚሉ ስንት እናት አባቶች አሉን፣ ኢትዮጵያም ጭማሪ ከማይከፈልባቸው ሀገሮች ናት። እባካችሁ ቤታቸውን ከመሸጣቸው በፊት አብራችኋቸው ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ህክምናም ቢሆን ኤንኤችኤስ የሚባለው የእንግሊዝ የመንግስት ህክምና እዛው ለሚኖር ሰው ነው እንጂ ፓስፖርት ስላለ ብቻ አይደለም፣ ስፔን ላሉት ኤስ1 የሚባል ፎርም አለ፣ ወጪውን እንግሊዝ ትሸፍናለች፣ አዲስ አበባ ላይ ግን ያ የለም ከኪስ ወይ በኢንሹራንስ ነው። ደሞ በህይወት መኖራቸውን የሚያረጋግጥ ፎርም በፖስታ ይመጣል፣ ምስክር አስፈርመው ካልመለሱ ክፍያው ሊቆም ይችላል፣ ስለዚህ አድራሻ ሲቀይሩ ወዲያው ያሳውቁ፣ ፎርሙንም የሚከታተልላቸው አንድ ልጅ ይኑር።