ምስጢርን ለብቻ መብላት ነውር ነው

ባለፈው ሰኞ እዚህ ደሴ ከፒያሳ ወደ ሰኞ ገበያ በሚሄድ ባጃጅ ውስጥ፣ አንድ አዛውንት የሞባይል ስልካቸውን የወር ክፍያ ሲከፍሉ ታድሜ ነበር። «ታድሜ» ማለቴ ለማጋነን አይደለም። አዛውንቱ አንዱን ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጥፈዋል፤ ሌላውን በቀኝ እጃቸው ይዘዋል። በእጃቸው ያለው ዕዳ ተከማችቶበት መደወል የተከለከለው ነው። በጆሯቸው ያለው ደግሞ ኮምቦልቻ ከሚኖረው ልጃቸው ጋር ያገናኛቸዋል። ልጁ ከታች ከሙቀቱ ሆኖ ይመራል፤ አባት ከላይ ከብርዱ ሆነው በጋቢያቸው ጫፍ መነጽራቸውን እየጠረጉ ይነካሉ።

«ኮከብ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሰባት፣ መሰላል። እሺ፣ መጣ። አሁንስ?»

ባለ ባጃጁ ሙዚቃውን ዘጋ። ለአክብሮት መሰለኝ።

«የሚስጥር ቁጥር አስገባ ይላል። የቱ ነው የሚስጥሩ? ያ የድሮው ነው?» ካሉ በኋላ፣ ልጁ እንዳይሳሳት ብለው ከፒያሳ የተሳፈርነው ሁሉ በምንሰማው ድምፅ አንድ በአንድ ቆጠሩለት። ሦስተኛው ቁጥር ላይ ከባድ መኪና ጡሩንባውን ነፋ። «ስድስት ነው ወይስ ስምንት?» ብሎ ልጁ ሳይሆን ባለ ባጃጁ ጠየቀ። «ስድስት! ስድስት ነው የሚሉት!» አለች አጠገባቸው ዘንቢል ታቅፋ የተቀመጠችው ሴት። ጣታቸው ሁለት ጊዜ ስቶ ሌላ ቁጥር ሲነካ ስልኩን ተቀብላ ራሷ ነካችላቸው። የክፍያው መልእክት ሲመጣ ጮክ ብላ ያነበበችውም እሷ ናት። ክፍያው ተፈጽሟል፤ ቀሪ ሂሳብ 3,240 ብር ከ75 ሳንቲም። «አልሐምዱሊላህ!» አልን በአንድ ድምፅ፤ ክርስቲያኑም ጭምር። ወሎ ነው አገሩ።

አዛውንቱ ሲወርዱ ኪሳቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው ዝርዝር እንደሌላቸው ተናገሩ። ባለ ባጃጁ ግን «ኧረ አባባ፣ በስልክ ይላኩልኝ እንጂ! ሦስት ሺህ ብር ይዘው!» አለ። ላኩለት። ቁጥሩን ለማስታወስ አልተቸገሩም፤ አራታችንም አስታወስናቸው።

የከተማዬን ሰው እንዲህ ባለው ነገር የሚያማ ይኖር ይሆናል። እኔ ግን አደንቃለሁ። በዚህች ምድር ላይ ምስጢር የሚባለው ነገር የንፉግ ፈጠራ መሆኑን ቀድሞ የተረዳ ሕዝብ ቢኖር የደሴ ሕዝብ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን ታላቅ የግብር አዳራሽ ስሙን ያየ ሰው ይህ አይገርመውም። አይጠየፍ! ባለ ማዕረጉና ተራው ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ይበላ በነበረበት ከተማ ያደገ ሰው፣ የሚስጥር ቁጥሩን እንዴት ብሎ ጓዳ ገብቶ ለብቻው ይነካል? ነውር አይደለም?

ፈረንጆቹ ይህን አላወቁትም። ብር የሚያወጣውን የባንክ ማሽን እንደ እነሱ አቆጣጠር በ1967 ለንደን አጠገብ ሥራ ላይ ያዋለው ጆን ሼፐርድ ባሮን የተባለው ሰው፣ የሚስጥር ቁጥሩን መጀመሪያ ያሰበው ባለ ስድስት አሃዝ አድርጎ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሚስቱን ቢያማክራት፣ ከአራት አሃዝ በላይ ማስታወስ እንደማትችል ነገረችው። በአራት ቀረ። ሚስቱን ማማከሩን እናደንቅለታለን። ግን ጉድለቱን እዩት፤ ጎረቤት አላማከረም! እዚህ እኛ ሰፈር ቢሆን ኖሮ አንዱን አሃዝ ሚስቱ፣ አንዱን የሚስቱ እህት፣ የቀረውን ደግሞ የእድሩ ዳኛ ይይዙለት ነበር፤ ሃያ አሃዝም አያቅተንም።

በአራት አሃዝ አሥር ሺህ ዓይነት ቁጥር ይወጣል። አሥር ሺህ! ምርጫ ሲበዛ ሰውን እንደሚያስጨንቅ ስለምናውቅ፣ የእኛ ሰፈር ሰው ሳይጨነቅ የተወለደበትን ዓመት ያስገባል። የተወለደበትን የማያውቅ ደግሞ ደርግ የወደቀበትን 1983ን ይመርጣል፤ ያንን ዓመት የማይረሳው ስለሆነ። ከዚህ የቀለለውን የሚፈልግ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብሎ ይቆጥራል። እንዲህ ሲሆን ሌባ እንኳ አይንገላታም።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት የሰልፉን ዘመን ማስታወስ ያስፈልጋል። ስልክ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገባ፤ ሞባይሉ በ1991 ዓ.ም. ተከተለ። ወር በገባ ቁጥር ግን የስልክ ዕዳ የሚከፈለው ቆሞ ነበር። ደብተር ይዘን፣ ጃንጥላ ይዘን፣ የጦሳ ተራራ ጉም እላያችን ላይ ተኝቶብን እንሰለፋለን። ሰልፉ አሰልቺ ነበር ትሉ ይሆናል፤ ስንት ጋብቻ እንደታጨበት ግን ማን ቆጠረ? ስንት ቤት እንደተከራየበት፣ ስንት ጠበኛ እንደታረቀበትስ? ግንቦት 2013 ቴሌብር፣ ነሐሴ 2015 ደግሞ ኤምፔሳ ሥራ ሲጀምሩ፣ ሰው በቤቱ ተቀምጦ ብቻውን እንዲከፍል የሚያደርግ ነገር መጣ። ብቻውን! ይህን አደጋ የደሴ ሕዝብ እጁን አጣምሮ አላየውም። ሰልፉን ከመክፈያው አዳራሽ አንሥቶ ወደ ሰፈሩ ሱቅ አዛወረው።

የእኛ ሰፈር ሱቅ ከዳገቱ ግርጌ ናት። ባለ ሱቁ ወጣት ነው፤ ገና ጢሙ በቅጡ አልወጣም። ጠዋት ዳቦና ስኳር ይሸጣል፣ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩን የስልክ ዕዳ ይከፍላል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ስልክዎን በመስኮቱ ያቀብሉታል። እሱ ይነካካል፤ እርስዎ ከኋላዎ ካለው ሰው ጋር ስለ ጤፍ ዋጋ ይጫወታሉ። «ቁጥር!» ይላል። እርስዎ ይጠሩለታል። ጨዋታው እንዳይቋረጥ ጮክ ብለው ነው የሚጠሩት፤ ከጀርባ ያለው ሰው አላግባብ የተደበቀበት ነገር ያለ እንዳይመስለው። ስልክዎ ተመልሶ ሲመጣ የቀረዎትን ብር ልጁ ይነግርዎታል፤ ከኋላዎ ያሉት ሰምተው በዚያው መበደር ይችላሉ። ወደ ቤትዎ ሳይደርሱ ሁለት ሰው «ለአንድ ሳምንት ብቻ» ብሎ ይጠይቅዎታል። ይህን የመሰለ የተቀላጠፈ የብድር አገልግሎት የትኛው ባንክ ይሰጣል?

ልጁ ትሑት ስለሆነ ሁሉንም በቃሉ እይዛለሁ አይልም። የዱቤ መዝገቡን ከፊት ለፊት ሲከፍቱት የስኳርና የዘይት ዕዳ ነው። ገልብጠው ከኋላ ሲከፍቱት የሰፈሩ የሚስጥር ቁጥር በሙሉ በስም ተራ ሰፍሯል። መዝገቡ የሚቀመጠው በጥንቃቄ ነው፤ የሽንኩርቱ ጆንያ ላይ፣ ሁሉም ሰው እጁ በሚደርስበት ቦታ።

ባለፈው ጥር ይህ ልጅ ለአጎቱ ልጅ ሠርግ ኮምቦልቻ ወረደ። ሦስት ቀን ሱቁ ተዘጋ፤ ሰፈሩም ተዘጋ። ሰዉ የገዛ ሚስጥር ቁጥሩን ለካ ከረሳው ቆይቷል! ደግነቱ የልጁ ስልክ ይሠራል። ተራ በተራ ደወልንለት። በከበሮና በእልልታ መካከል ሆኖ «አቤት!» ይላል። «የእኔ ስንት ነበር?» እንለዋለን። መዝገቡን ይዞት ወርዷል፤ ኃላፊነት የሚሰማው ልጅ ነው። ሙዚቃው አላሰማ ስላለው የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍቶ ያነብልናል፤ እኛም በዚህ በኩል ከፍተን እንሰማለን። በዚያ ቀን የሐረጎን ቁልቁለት ተሻግሮ የደሴን ምስጢር ያልሰማ የሠርግ ታዳሚ አልነበረም። ሙሽራው ሳይቀር የአንዲት ጎረቤቴን ቁጥር ደግሞ ሲያረጋግጥላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በሠርጉ ቀን!

ለእንግዳ ያለንን መስተንግዶ ደግሞ ሳልጠቅስ ባልፍ በደል ይሆንብኛል። አንድ ቀን ከማይታወቅ ቁጥር የሚደወል ስልክ ይመጣል። «ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው፤ ዕጣ ወጥቶልዎታል» ይላል ድምፁ። ሌላ አገር ቢሆን ጆሮው ላይ ይዘጉበታል። እኛ መጀመሪያ እንዴት እንዳደረ እንጠይቀዋለን። ቤተሰቡ ደህና መሆኑን፣ ዝናቡ እዚያም መጣሉን ሳናረጋግጥ ወደ ጉዳይ አንገባም። ባለቡና ጎረቤቴ ጀበናዋን እንደጣደች የተደወለላት ጊዜ፣ በመልእክት የገባላትን የማረጋገጫ ቁጥር አነበበችለት። ሰውየው አጣርቶ አልሰማ ቢላት ቀስ ብላ ደገመችለት፤ ተሳስቶ ሲጽፍ አረመችው። አመሰግናለሁ ሲላት «አብሽር የኔ ልጅ፣ ሌላ የምትፈልገው ነገር አለ?» አለችው። ነበረው። የእቁቧንም ወሰደ።

ድሮ ሌባ ስንት ነገር ይችል ነበር! በዚህ ብርድ፣ በዚህ ጭቃ፣ በዚህ ዳገት፣ ሌሊቱን ሙሉ አጥር ላይ ሲንጠለጠል ውሻ ሲያባርረው ያድራል። ያንን ሁሉ አስቀረንለት። ዛሬ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ተጋድሞ ይደውላል፤ እኛ ቆመን እናነብለታለን።

በማግስቱ ጎረቤቴን ልናጽናና ሄድን። ቤቱ እንደ ለቅሶ ቤት ሞላ። «አላህ ይተካልሽ»፣ «እግዜር ይካስሽ» ተባለ፤ ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ሁሉም ሰው እንዴት እንደተበላ፣ በየትኛው ቁጥር እንደተበላ ለትምህርት እንዲሆን ተረከ። እሷም እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ከእንግዲህ ጠንቃቃ እንደምትሆን ማለች። የሚስጥር ቁጥሯን በዚያው ጠዋት አስለውጣ ነበር። «እንግዲህ የድሮውን ተዉት» አለችን በየተራ እያየችን፤ «ተሳስታችሁ እንዳትቸገሩ። አዲሱ ይኼ ነው።»

እኔም ብሆን ፈራሁ፤ አልዋሽም። በየጊዜው ወደ ስልኬ የሚመጣው «የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይንገሩ» የሚለው መልእክት፣ በዚያ ሰሞን አፍጥጦ ያየኝ ጀመር። (ይህንን መልእክት መጀመሪያ ጊዜ ያነበበልኝ የሱቁ ልጅ ነው፤ መነጽሬን ቤት ረስቼ ነበር።) አንድ ማታ ራቴን በልቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ መጋረጃውን ሳብ አድርጌ ቁጥሬን ለወጥኩ። የልደት ዘመኔን አላደረግሁም፤ 1983ንም አላደረግሁም። የሥላሴ ሦስትነት ሳይቀር የገባበት፣ የትኛውም ሌባ የማይደርስበት ቁጥር ነው። ባለቤቴ «ምን እየሠራህ ነው?» ብትለኝ «ምንም» አልኳት። ቅር አላት። ሠላሳ ዓመት አብረን በልተን ጠጥተን ከእሷ ልደብቅ ነው? ነገርኳት፤ ለእሷ ብቻ። እሷም የማንንም ምስጢር የማታወጣ ሴት ናት።

በማግስቱ የወር ክፍያዬ ቀኑ ደረሰ። ስልኬን አወጣሁ፣ ኮከቡን ነካሁ፣ መሰላሉን ነካሁ፣ ሁሉም አማረ። ቁጥር አስገባ ሲለኝ ከሦስቱ በቀር አንዱም ትዝ አላለኝም። እንዳይቆለፍብኝ ሰጋሁና አንገቴን ደፍቼ ወደ ሱቁ ወረድኩ። ስድስት ሰው ተሰልፏል። ተራዬ ሲደርስ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ ችግሬን ላስረዳው ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ አይጨነቁ» አለኝ ልጁ፣ ሰልፉ በሙሉ በሚሰማው ድምፅ። «አዲሱን ማለዳ ዳቦ ሊወስዱ ሲመጡ እትዬ ነግረውኛል።»

መዝገቡን ከሽንኩርቱ ጆንያ ላይ አንሥቶ ከኋላ ገለጠው። በስሜ ትይዩ አሮጌው ቁጥር በማስመሪያ ተሰርዟል።