አንድ ስም ቀርቦላችሁ ምኑን መረጣችሁት?

የዳኛ ሹመት ባወዛገበ ቁጥር «ለካቢኔው ለምን አንድ ስም ብቻ ይቀርባል?» ለሚል ጥያቄ የምትመጣ መልስ አለች። ሰሞኑንም ተደገመች። የፍትሕ ሚኒስትሩ አጣርቶ አንድ ስም ያመጣል፣ ካቢኔው ያጸድቃል፤ ብዙ ስም ከቀረበ ያልተመረጡት ሰዎች ክብር ይነካል ነው ነገሩ።

ክብር ይነካል! ካቢኔ እኮ የጦርነትና የበጀት ምስጢር የሚወራበት ክፍል ነው። ያንን ሰምተው ዝም የሚሉ ሚኒስትሮች የአምስት ሰው ስም ሲሰሙ ነው አፋቸው የሚያመልጣቸው?

አየርላንድን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2020 የፍትሕ ሚኒስትሯ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ስም ብቻ ይዘው ካቢኔ ገቡ። ሰውየው የቀድሞው መንግሥት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሼመስ ዉልፍ ናቸው። ቦታውን እንፈልጋለን ያሉ በሥራ ላይ ያሉ ዳኞች ነበሩ። የእነሱ ስም ግን ካቢኔው ፊት አልቀረበም። ሚኒስትሯ በኋላ ፓርላማ ውስጥ ሲጠየቁ፣ አንድ ስም ማቅረብ የቆየ አሠራር ነው አሉ።

የቆየ መሆኑ መቼ ጠፋን? የሚሾመው መንግሥት ነው ሲባል ሚኒስትሮቹ በጋራ ማለት ነው። አንድ ስም ብቻ ሲቀርብ ግን ውሳኔው ስብሰባው ሳይጀመር አልቋል። ለምሳሌ የግብርና ሚኒስትሩ ማን እንደተጣለ አያውቅም። ያልሰማውን ስም ከምን ጋር ያወዳድረዋል? እሺ ይላል፣ ወደ ቀጣዩ አጀንዳ ያልፋል። ነገር ሲበላሽ ደግሞ ጨዋታው ይጀመራል። የፍትሕ ሚኒስትሩ «ካቢኔው ነው የወሰነው» ይላል፤ ካቢኔው «ሌላ ስም አልቀረበልንም» ይላል። ሥልጣኑ የአንድ ሰው፣ ተጠያቂነቱ የማንም! ያ ሰው ነገ መንግሥት ሲከሰስ ችሎት ላይ የሚቀመጠውን ነው የሚመርጠው።

እንግሊዝም አንድ ስም ነው የሚቀርበው የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ግን እዚያ ስሙን የሚያቀርበው ፖለቲከኛ ሳይሆን ገለልተኛ ኮሚሽን ነው። አልቀበልም ያለ ሚኒስትር ምክንያቱን በጽሑፍ ይሰጣል። ይሄንን ከዚያ ጋር ማመሳሰል ድፍረት ነው።

አየርላንድ ራሷ በ2023 ሕግ አወጣች። ለአንድ ክፍት ቦታ የአገሪቱ የዳኞች ሹመት ኮሚሽን 3 ስም ያቀርባል፣ መንግሥትም ከዚያ ውጭ መሾም አይችልም። ይሻላል፣ እሺ። ግን ሦስቱም ፋይል እያንዳንዱ ሚኒስትር እጅ ከስብሰባው በፊት ይግባ። አንዱ የተመረጠበት፣ ሁለቱ የቀሩበት ምክንያት ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር። ይሄ የከበደው ሚኒስትር «ካቢኔው ወሰነ» ማለቱን ትቶ «እኔ ሾምኩ» ይበለን።