መጀመሪያ ታኮዋን ለምን ታሳዩናላችሁ?

ረጅም ነው፤ ጊዜ የሌለው ይለፈው። እኔ ግን ዛሬ ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ትናንት ማታ ደሴ፣ አያታችን ቤት ተሰብስበን፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እየተቀዳ ድራማው ጀመረ። ጥቁር መኪና መጥቶ ቆመ። በሩ ተከፈተ። ካሜራው መሬት ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። መጀመሪያ የወጣው ታኮ ጫማ ነው። ከዚያ ባት፣ ከዚያ ጉርድ፣ ከዚያ ወገብ፤ ቀስ እያለ ሽቅብ ወጥቶ ፊቷ ላይ ሲደርስ ጥቁር መነጽሯን አወለቀች። አምባሳደር ናት ተባልን። በእጇ ሰማያዊ ፋይል ይዛለች። ክፍሉ እስኪያልቅ ዓይኔን ከፋይሉ ላይ አላነሳሁም፤ አንዴም አልከፈተችውም። ወንዱ አምባሳደር ሲመጣ ግን ካሜራው በቀጥታ ፊቱ ላይ ነው የሄደው፤ ያውም እየተናገረ። የሱን ጫማ ማንም አላሳየንም።

አያታችን ሲኒውን እንደያዙ ወደኔ ዞር ብለው «ይቺ ልጅ ሥራዋ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«አምባሳደር ናት እማማ።»

«እሱንስ ሰማሁ። ሥራዋን ነው የጠየቅኩሽ።»

መልስ አጣሁላቸው። አጠገቤ የተቀመጠችው ታናሽ እህቴ አቀርቅራ ስልኳን መነካካት ጀመረች። እሷ በፖለቲካ ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት ተመርቃ፣ ሌሊት ሌሊት ፈረንሳይኛ እያጠናች ለውጭ ግንኙነት ሥራ የምትዘጋጅ ልጅ ናት። በፈረንጆቹ የ1961ዱን የዲፕሎማሲ ግንኙነት የቪየና ኮንቬንሽን አንቀጽ በአንቀጽ ታውቀዋለች። አንድ አገር አምባሳደር ከመላኩ በፊት የተቀባዩን አገር ፈቃድ በምስጢር እንደሚጠይቅ፣ ተቀባዩ እንቢ ካለም ምክንያቱን የመናገር ግዴታ እንደሌለበት ለአያታችን ሳይቀር አስረድታለች። እሳቸውም «እንደ ሽምግልና ነዋ! ልጅ ሳይጠየቅማ ሽማግሌ አይላክም» ብለው ወዲያው ገብቷቸዋል። ቡና ሊጠጡ የመጡት ጎረቤታችን ግን ድራማውን እያዩ ምን አሏት መሰላችሁ? «ታዲያ አንቺ በዚህ ሂጃብ ነው አምባሳደር የምትሆኚው? እነሱ እኮ ፀጉራቸውን ነው የሚሠሩት።»

ወላሂ እኚህ ሴት ክፉ ሰው አይደሉም። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ አብረን ነው የተሰደድነው፤ አንድ እንጀራ ቆርሰን አብረን በልተናል። የተናገሩት ያዩትን ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ያሳዩዋቸው ሂጃብ ወይ ሻሽ ያሰረች አምባሳደር የለችም። ሻሽ የምታስረው ሴት ድራማው ውስጥ ሁልጊዜ ሻይ አቅራቢ ናት።

ከዚህ በላይ ያበገነኝ ግን ልብስ ሰፊው ነው። እህቴ ለቃለ መጠይቅ የምትለብሰው ኮት ልናሰፋ ሄድን። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከውስጥ በኩል ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ የሚይዝ ኪስ። ሰውየው ስልኩን አውጥቶ የዚያችኑ ድራማ አምባሳደር ፎቶ አሳየን። «እንደዚህ ወገቡን ላጥብበው፣ ኪስ ቅርጹን ያበላሽባታል» አለ። ኪስ የምትፈልገው ለሥራዋ እንደሆነ ብነግረውም ፎቶውን ደጋግሞ ያሳየኝ ነበር። በምን ላከራክረው? ማስረጃ ያለው እሱ ነው።

እኛ ወሎዬዎች ደግሞ ሌላም አለብን። የትም ብንሄድ «ከየት ነሽ?» «ከወሎ» ስንል የሚከተለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሙገሳው ከፍቅር እንደሚመጣ አይጠፋኝም፤ በዘፈኑም በግጥሙም ያደግንበት ነው። ነገር ግን እኔ ራሴ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ገብቼ፣ የሠራሁትን ጥናት ላስረዳ አፌን ስከፍት፣ ከፈታኞቹ አንዱ ስለ ወሎ ቆንጆዎች ማውራት ጀመረና ሳቅ በሳቅ ሆነው ሰዓቴ አለቀ። ስለ ጥናቴ አንድም ጥያቄ ሳልጠየቅ ወጣሁ። እህቴም ነገ እዚያው ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው።

የፈረንጆቹም ከዚህ አያመልጡም። «ማዳም ሴክሬታሪ» የሚባለው ተከታታይ ድራማ በፈረንጆቹ 2014 ሲጀምር፣ ገና በመጀመሪያው ክፍል ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ልብስና መልኳን የሚያስተካክል ባለሙያ ያመጡላታል። አልፈልግም ትላለች። በኋላ ሶሪያ ውስጥ የታሰሩ ወጣቶች ጉዳይ ጋዜጠኞች እጅ ሊገባ ሲል ግን ራሷ ተኳኩላ፣ አምራ ብቅ ትላለች። ጋዜጠኛው ሁሉ ስለ አዲሱ መልኳ ሲያወራ ጉዳዩ ተድበስብሶ ያልፋል። ደራሲዎቹ ነገሩን ያውቁታል ማለት ነው፦ የሴት መልክ ከተነሳ ሌላው ወሬ ሁሉ ይሞታል። በ2023 ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው «ዘ ዲፕሎማት» ደግሞ በተቃራኒው ይመጣል። ወደ ለንደን የተላከችው አምባሳደር ለፀጉሯ ግድ የላትም፤ ከጥቁር ሱፍ ሌላ መልበስ አትወድም። አልዋሽም፣ ወድጃታለሁ። እዚያም ግን ዙሪያዋን ያሉት ስለ ፀጉሯ ማውራት አያቆሙም፤ ቀሚስ አልብሰው ለፋሽን መጽሔት ፎቶ ያስነሷታል። ቢያንስ እሷን ስትሠራ አይተናታል፤ ስትደራደር፣ ስትሳሳት፣ ስትናደድ። የኛዎቹ ይህንንም ነፈጉን።

መልክ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ማድሊን ኦልብራይት በተባበሩት መንግሥታት የአሜሪካ አምባሳደር በነበሩበት ጊዜ የኢራቅ ጋዜጣ እባብ ብሎ ሰደባቸው። ቀጥሎ ከኢራቅ ባለሥልጣናት ጋር ሲገናኙ ደረታቸው ላይ የእባብ ጌጥ ሰክተው ገቡ። እንዲህ ሲሆን ጌጡም ይናገራል። ተናጋሪዋ ራሷ ናትና።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። አባታችን የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ አድርገው አሰብ ሲመላለሱ ነው ያሳደጉን። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ አሰብ ተዘጋ፤ የአገሩ ጭነት ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። አባታችን ስለ ጅቡቲ ወደብ ወረፋ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ወረቀቱ ብዛት እያወሩ ሲያማርሩ አስታውሳለሁ። ያኔ ጅቡቲ ላይ የኢትዮጵያ አምባሳደር ማን እንደነበሩ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው፦ ሳህለወርቅ ዘውዴ። ከዚያ በፊት በሴኔጋል፣ ከዚያ በኋላ በፈረንሳይ አምባሳደር ሆነዋል፤ ናይሮቢ የሚገኘውን የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤትም መርተዋል። በ2011 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ብዙ ሰው በድንገት የመጡ መስሎት ነበር። የስልሳ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ስንዴና ማዳበሪያ በአብዛኛው በአንድ ወደብ መግባት ሲጀምር እዚያ ኤምባሲ ውስጥ ስንት ሌሊት ሳይተኛ እንደነጋ አስቡት። ይሄ ድራማ አይወጣውም? ሹፌሮቹ በረሃ ላይ ቆመው፣ መርከቡ ደርሶ፣ ስልኩ እየጮኸ?

ውጫሌስ? ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ እኮ ነው፤ አውቶቡሱ ሲያልፍ ማንም ቀና ብሎ አያይም። ውሉ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው እዚያው ይስማ ንጉሥ ነው። የአንቀጽ 17 ጣጣ አንድ ግስ ነበር። በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ የጣሊያንኛው ግን ግዴታ አድርጎ አስቀመጠው። የኢጣሊያው መልእክተኛ አንቶኔሊ በ1883 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ ሲከራከር ፊት ለፊት ከተቀመጡት አንዷ እቴጌ ጣይቱ ነበሩ፤ የዘር ሐረጋቸው ከኛው ከየጁ የሚመዘዝ። አገሪቱን በሌላ ጥበቃ ሥር የሚያስገባ ትርጉም አልቀበልም ብለው እንቢ አሉ። ለአንዲት ቃል ነው ይህ ሁሉ። እህቴን ወደዚህ ሙያ የሳባት ይሄ ታሪክ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆና «አንድ ቃል አገር ያስይዛል ማለት ነው?» ብላ ጠይቃኛለች።

ደግሞ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም.ን የወሎ ሰው አይረሳውም። ከፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነቱ ወሬ እስኪመጣ ስልካችን ላይ ተደፍተን ነበር። ከአፍሪካ ኅብረት አሸማጋዮች አንዷ የደቡብ አፍሪካዋ ፉምዚሌ ምላምቦ-ንግኩካ ነበሩ። ያን ቀን ጎረቤታችን ስለ ፀጉራቸው ጠየቁ? እኔስ ስለ ጫማቸው አሰብኩ? አያታችን የጠየቁት «ተፈራረሙ ወይ?» ብለው ብቻ ነው። ተፈራረሙ ስንላቸው መሬቱን በእጃቸው ነክተው ዱአ አደረጉ።

እባካችሁ፣ እናንተ ድራማ ጸሐፊዎች፣ አንድ ትዕይንት ብቻ ስጡን። ሴትየዋ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሻይዋ ቀዝቅዞ፣ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግታ አንድ ቃል ላይ ስትጨነቅ። ጫማዋን ከጠረጴዛው ሥር ብታወልቀውም ግድ የለኝም። ጠዋት ገብታ «ይህ ቃል ካልተቀየረ አልፈርምም» ስትል ካሜራው ፊቷ ላይ ይሁን፤ እስክትጨርስም አይነቃነቅ። ያንን ያየች ጎረቤት እህቴን ስለ ሂጃቧ ሳይሆን ስለ ሥራዋ ትጠይቃታለች።

ነገ ጠዋት ልብስ ሰፊው ጋ እመለሳለሁ። ያጠበበውን ወገብ ፈትቶ እንዲያሰፋው፣ ኪሱንም እንዲሠራ እነግረዋለሁ። ደብተሩን ይዤለት ነው የምሄደው፣ ለክቶ እንዲሰፋው።