ኮንሰርቱ በሰዓቱ ቢጀመር ሜዳው ይሞላል

በሰሜን አሜሪካ የሚኖር ብዙ ሐበሻ ፈቃዱን ቆጥቦ የሚጠብቀው በጁላይ 4 ሰሞን ለሚካሄደው የኳስ ሳምንት ነው። የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 ሂዩስተን ላይ የጀመረው ውድድር ዳላስ፣ አትላንታ፣ ሲያትል፣ ዴንቨር እያለ ከከተማ ከተማ ሲዞር ኖሯል። ቀን ኳስ፣ ማታ ሙዚቃ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አሠሪን ደመወዝ ያለው ዕረፍት እንዲሰጥ ስለማያስገድድ፣ ከመጡት ውስጥ የሳምንቱን ገቢ ትተው የመጡ አሉ። እንዲህ ተከፍሎበት የተገኘ ሳምንት ግማሹ በእንቅልፍ ማለፉ ያሳዝናል።

ከእሑድ እስከ ሐሙስ ባሉት ቀናት ጠዋት ስታዲየሙ ሲታይ፣ ሜዳው ላይ ያሉት ልጆች ከልባቸው ይጫወታሉ፤ መቀመጫው ግን ጭር ያለ ነው። አርብ፣ «የኢትዮጵያ ቀን» ተብሎ በሚከበረው ዕለት፣ ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ይወጣል። በቀሩት ቀናት የሚጎድለው የኳስ ፍቅር አይደለም፤ ሰዉ ሆቴሉ ውስጥ ተኝቷል። ሌሊቱን ያሳለፈው ኮንሰርት ላይ ነው።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ልጥቀስ። ትኬቱ በር የሚከፈተው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው ይላል። ዋናው ድምፃዊ መድረክ ላይ የሚወጣው ግን ከሌሊቱ 6 ተኩል ወይም 7 ሰዓት ላይ ነው። በቴክሳስም ሆነ በዋሽንግተን ስቴት ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ መጠጥ አይሸጥም፤ መጠጥ ሲቆም ምሽቱም ያበቃል፤ ስለዚህ ሰው ከሦስት ሰዓት በላይ ቆሞ ጠብቆ የሚያገኘው ሙዚቃ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልም። ሆቴሉ ሲደርስ ሊነጋ ነው። የረፋዱን ጨዋታ ማን ያየዋል?

ኮንሰርቱን የሚያዘጋጁት ፕሮሞተሮች «ሰዉ አርፍዶ ስለሚመጣ ነው» ይላሉ። ሰዉ ደግሞ የሚያረፍደው ቀድሞ ቢመጣ እንደሚጉላላ ስለሚያውቅ ነው። መጀመሪያ መስተካከል ያለበት የፕሮሞተሩ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም መዘግየቱ የሚጀምረው ታዳሚው ሳይደርስ፣ መሣሪያዎቹና ማይኮቹ ከዝግጅቱ በፊት በሚሞከሩበት ሳውንድ ቼክ ላይ ነው።

ድራም፣ ቤዝ፣ ሁለት ኪቦርድ፣ ሊድ ጊታርና ሳክስፎን ያለው ባንድ በአግባቡ ሳውንድ ቼክ ለማድረግ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል። ከድራም ይጀመራል፤ ከበሮው አንድ በአንድ ይመታል። ቤዝ፣ ኪቦርድ፣ ጊታርና ሳክስፎን ይከተላሉ፤ የድምፃዊው ማይክ መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ተጫዋች ራሱን የሚሰማበት ሞኒተር ይስተካከላል። በአንድ ምሽት ሦስት ድምፃውያን በአንድ ባንድ የሚዘፍኑ ከሆነ የእያንዳንዳቸው የዘፈን ቁልፍ፣ መግቢያና መውጫ መሞከር አለበት። አዳራሹ ርካሽ ስለሆነ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ብቻ ሲከራይ ግን ስፒከሩ የሚራገፈው በር ሊከፈት ሲል ነው። ሥራው ይጣደፋል፣ ሞኒተሩ ሳይስተካከል ይቀራል፤ ድምፃዊው ራሱን ስለማይሰማ «ጨምርልኝ» ይላል፣ ማይኩ ሞኒተሩ የሚያወጣውን ድምፅ መልሶ ይስባል፤ ያ ጆሮ የሚበሳው ፉጨት የሚመጣው ከዚህ ነው። አዳራሹን ከቀኑ 7 ሰዓት ጀምሮ መከራየት ወጪ አለው፤ ግን ዋጋው 70 ዶላር ለሆነ ትኬት ይህ የሚገባ ነገር ነው። የድምፃዊውን መውጫ ሰዓት ትኬቱ ላይ ጽፎ ማክበር፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት ለሚገባም ዋጋ መቀነስ ታዳሚውን ቀድሞ ያመጣዋል።

እስከዚያው ግን ታዳሚም ቦታውን ይምረጥ። አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ጥርት ብሎ የሚሰማው ከስፒከሩ ሥር ሳይሆን የድምፅ መቆጣጠሪያው ጠረጴዛ (ሚክሰሩ) አካባቢ ነው፤ ባለሙያው የሚያስተካክለው እዚያ ቆሞ በሚሰማው ልክ ነውና። ስለ ጆሮም ላስታውስ፦ የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም ለ85 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) በቀን ከ8 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 100 ዴሲቤል ላይ የሚመከረው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የጆሮ መድፈኛ ኪስ ውስጥ ይኑር፤ ልጅ ይዞ ለሚመጣ ደግሞ ግዴታ ነው።

ተጫዋቾቹን በሚመለከት አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ብዙዎቹ ዓመቱን መኪና እየነዱ ወይም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የሚሠሩ ናቸው፤ እዚህ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት አራት ጨዋታ ይጠብቃቸዋል። የኋላ ጭን ጡንቻ የሚበጠሰው በድንገተኛ ሩጫ፣ በተለይ ሰውነት ሳይሟሟቅ ወይም ሲደክም ነው። ፊፋ ለአማተሮች ያዘጋጀው 11 ፕላስ የተባለው ማሟሟቂያ 20 ደቂቃ ቢወስድ ነው፤ ጥቅሙ የሚገኘው ግን ከሳምንታት በፊት ጀምሮ ከተለማመዱት ነው። ሰው ሠራሽ ሣር ደግሞ በጁላይ ፀሐይ ከአየሩ እጅግ ይበልጥ ይግላል፤ ውኃ ቢረጭበት እንኳ ቅዝቃዜው ቶሎ ያልፋል። ሌሊቱን ሲጠጣ አድሮ እዚያ ላይ የሚሮጥ ሰው ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል። የቡድን መሪዎች ይህን በግልጽ መከልከል አለባቸው።

ሙዚቃውንም ወደ ቀን ማምጣት ይቻላል። አሁን በስታዲየሙ ዙሪያ እያንዳንዱ ድንኳን የራሱን ስፒከር ስለሚከፍት አምስት ዘፈን ባንዴ ይሰማል፤ ቡና የሚጠጡት እናቶች እንኳ መነጋገር አይችሉም። ይህን ከልክሎ ከአንዱ ግብ ጀርባ አንድ ትንሽ መድረክ ማቆም ይሻላል። በሁለት ጨዋታ መካከል ባለው ግማሽ ሰዓት ክራር፣ ማሲንቆና ከበሮ ይበቃሉ። ማሲንቆ ድምፁ ቀጭን ስለሆነ ሜዳ ላይ ነፋስ ይወስደዋል፤ ከሳጥኑ ላይ የምትያዝ ትንሽ ማይክ ያስፈልገዋል። ከበሮው ደግሞ ያለ ማይክም ይሰማል። በአሜሪካ ተወልደው ማሲንቆን በስልክ ብቻ የሚያውቁ ልጆች ከኳሱ ሳይለዩ ያዩታል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው የጨዋታውንና የኮንሰርቱን ሰዓት አንድ ላይ የያዘ ፕሮግራም ከጁላይ ሁለት ወር ቀድሞ ማውጣት ነው። ብዙ አሠሪ ፈቃድ አስቀድሞ እንዲጠየቅ ይፈልጋል፤ ውድድሩ በሚካሄድበት ከተማ በስታዲየሙ አካባቢ ያለ ሆቴልም ዋጋው ከቀን ወደ ቀን ይወጣል። ቀኑንና ሰዓቱን ቀድሞ ያወቀ ቤተሰብ የትኛውን ቀን ለኳስ፣ የትኛውን ሌሊት ለሙዚቃ እንደሚያደርግ ቁጭ ብሎ ይመርጣል።